ስፒከር ስታወዳድሩ የሰማችሁት ሳሎኑን ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ጋዜጣችሁን እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሀበሻ ግሮሰሪ እንጀራ ስገዛ አንስቼ የማነብ ሰው ነኝ፣ ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ነው የምለው፣ ባለፈው እትም ስለ ውድ ስፒከሮች የወጣው ጽሑፍ ግን ዝም አላስብል አለኝ። ጸሐፊው ሶስት ስፒከር አወዳደረ፣ አንዱን ሱቅ ውስጥ፣ ሁለተኛውን ጓደኛው ቤዝመንት፣ ሶስተኛውን ደሞ ኤግዚቢሽን ላይ ሆቴል ክፍል ውስጥ ሰምቶ "የዚኛው ቤዝ ጥልቅ ነው፣ የዚኛው ደረቅ ነው፣ ያኛው ያጓራል" ብሎ አንደኛ ሁለተኛ ሶስተኛ አወጣ። አጻጻፉ ደስ ይላል፣ ጆሮም እንዳለው ያስታውቃል፣ ግን ቤዝን (ወፍራሙን፣ ዝቅ ያለውን ድምፅ) በተመለከተ የጻፈው በሙሉ የሶስት ክፍሎች ወሬ ነው፣ ስፒከሮቹ እዛ ውስጥ ብዙም የሉበትም። ለመንቀፍ ብዬ አይደለም፣ ያንን አንብቦ የመኪና ዋጋ አውጥቶ ስፒከር ሊገዛ የተነሳ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው፣ አንዱ እንደውም ደውሎልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፅ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ስለዚህ የ40 ሄርዝ (በሰከንድ 40 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ) ድምፅ አንድ ሞገዱ ብቻ ከ8 ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል፣ 20 ሄርዝ ከሆነ ደሞ 17 ሜትር። ይሄ ሞገድ 5 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ሳሎን ውስጥ ሲለቀቅ የት ይገባል? ግድግዳ መትቶ ይመለሳል፣ ሲመለስ ከሚመጣው ጋር ይገናኛል፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ተደራርቦ ያብጣል አንዳንዱ ቦታ ላይ እርስ በርሱ ተጣፍቶ ጭራሽ አይሰማም። የትኛው ሄርዝ ላይ እንደሚያብጥ የሚወስነው ስፒከሩ አይደለም፣ የቤቱ ሜትር ነው። 343ን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ አካፍሉት፣ 5 ሜትር ለሆነ ክፍል 34 ሄርዝ ይመጣል፣ ከዛ 69፣ ከዛ 103 እያለ ይቀጥላል፣ ለወርዱም ለከፍታውም እንደዛው የየራሳቸው አላቸው። ቤዝ ጊታር ለሚነካካ ሰው፣ 69 ሄርዝ ማለት ሲ ሻርፕ ናት፣ የኤ ክር ላይ አራተኛው ፍሬት። ሶፋችሁ ከኋላው ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ተጫዋቹ ሲ ሻርፕ ሲመታ ሆዳችሁ ውስጥ ትገባለች፣ ወረድ ብሎ ጂ ሻርፕ ሲመታ (52 ሄርዝ አካባቢ ናት) "የት ሄደች" ትላላችሁ። ተጫዋቹ ሁለቱንም እኩል ነው የመታቸው፣ ስፒከሩም እኩል ነው ያወጣቸው። ሶፋውን ጎትታችሁ ክፍሉ መሀል ላይ ብታደርጉት ደሞ 34ቱ ይጠፋል፣ 69ኙ ግን እዛም አብጦ ይጠብቃችኋል። እንግዲህ ያ ጸሐፊ የት ጋ ተቀምጦ ነበር የሰማው? አልጻፈም።

የጀርመን ተወላጁ የፊዚክስ ሰው ማንፍሬድ ሽሮደር የክፍሉ ጉልበት የት ላይ አብቅቶ የስፒከሩ የት እንደሚጀምር መገመቻ ቀመር ትቶልናል። የክፍሉን ይዘት በሜትር ኩብ እና ድምፅ በስንት ሰከንድ እንደሚሞትበት ታስገባላችሁ፣ ከላይ ላልኩት ሳሎን ጣሪያው 2 ሜትር ከ80 ቢሆንና ድምፁ በግማሽ ሰከንድ ቢሞት 190 ሄርዝ አካባቢ ይመጣል። ድንበሩ እንደ ግንብ አጥር አይደለም፣ ቀስ እያለ ነው የሚቀየረው፣ ግን በግምት ከ200 በታች ያለው የክፍሉ ግዛት ነው። ቤዝ የምንለው በሙሉ ማለት ይቻላል እዛ ውስጥ ነው ያለው።

ታዲያ ውዱ ስፒከር ለምኑ ነው ብትሉኝ ከዛ በላይ ላለው ነው፣ እዛ ላይ ጌታው እሱ ነው። የዘፋኙ ድምፅ፣ ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ሳክስፎኑ እዛ ነው ያለው። ቀላል መፈተኛ ልንገራችሁ፣ በገና አስገቡበት። የበገና ያ ንዝረት፣ ከክሩ ስር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራ የምትባለው፣ የምታወጣው ዝዝታ፣ አብዛኛው ከክሩ ዋና ድምፅ በጣም ከፍ ብሎ የሚገኝ ነው፣ መካከለኛው ስፒከር ያንን ዝዝታ አንድ ላይ ጨፍልቆ ንብ ያስመስለዋል፣ ጥሩው ስፒከር እያንዳንዱን ክር ለየብቻው ያሰማችኋል፣ ጣቱ ክሩን ሲለቅ ሳይቀር። እዚህ ላይ ገንዘባችሁ የሰራላችሁን ነገር ትሰማላችሁ። ከበሮ አስገብታችሁ ደሞ ዱቡ ከተመታ በኋላ የሚቀረውን ጭራ አድምጡ፣ ጭራው ከረዘመ ስፒከሩን ከመስደባችሁ በፊት ግድግዳውን ተመልከቱት።

እንግዲህ ትልልቆቹ ስፒከሮች ራሳቸው ከክፍል ጋር ያላቸው ጸብ የተለያየ ነው፣ ለዚህ ነው "የትኛው ይበልጣል" የሚለው ጥያቄ ብቻውን የማይመለሰው። ክሊፕሽሆርን የሚባለውን ፖል ክሊፕሽ ከ1946 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ሲሸጠው ጥግ ውስጥ እንዲገባ ብሎ ነው የሰራው፣ የቤታችሁ ሁለቱ ግድግዳ የሆርኑ (እንደ መለከት የሚሰፋው የስፒከሩ አፍ) ቀጣይ አካል ነው፣ መሀል ቤት ብታቆሙት ቤዙ ይቀራል። የኳድ የ1957ቱ ኤሌክትሮስታቲክ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ ሳጥን የለውም፣ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ከፊትም ከኋላም እኩል ድምፅ ይለቃል በጎኑ ግን ዝም ይላል፣ ስለዚህ ክፍሉን በወርዱ ብዙም አይቀሰቅሰውም፣ ዝቅ ያለ ቤዝ የለውም ግን ያለው ቤዝ ንጹህ ነው፣ እሱን ግድግዳ አስደግፎ "ቤዝ የለውም" ማለት ግፍ ነው። ቦወርስ ኤንድ ዊልኪንስ 801ን በ1979 አወጣ፣ አቢ ሮድ ስቱዲዮም ሲሰራበት ኖሯል፣ የዛሬው የልጅ ልጁ ሁለት ባለ 10 ኢንች የቤዝ ድራይቨር (ድምፁን የሚያወጣው ክብ ክፍል) እና የአልማዝ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣዋ ትንሿ ድራይቨር) አለው፣ ትልቅ ሳሎን ይፈልጋል። ኬፍ ከ1988 ጀምሮ ትዊተሩን ሚድሬንጁ (መካከለኛውን ድምፅ የሚያወጣው) መሀል ከቶ ዩኒ ኪው እያለ ሲያሻሽል ነው የኖረው፣ ብሌድ የሚባለው ላይ ደሞ አራት የቤዝ ድራይቨሮችን ሁለቱን በአንድ ጎን ሁለቱን በሌላው ጎን ጀርባ ለጀርባ አድርጎ ግፊታቸው እርስ በርሱ እንዲጣፋ አድርጓል፣ ሳጥኑን እጃችሁን ብታስደግፉበት እንኳን ብዙም አይንዘፈዘፍም። የሆላንዶቹ ደች ኤንድ ደች 8ሲ ግን ነገሩ የገባው ይመስለኛል፣ ከ100 ሄርዝ በላይ ወደ ኋላ የሚሄደውን ድምፅ ራሱ ያጠፋዋል፣ ከዛ በታች ያለውን ደሞ ከጀርባው ባሉ ሁለት ዉፈሮች (የቤዝ ድራይቨሮች) ለግድግዳው ሆን ብሎ ይሰጠዋል፣ ስለዚህ ግድግዳ ጋ አስጠግታችሁ ብታስቀምጡትም አያጓራም፣ እንደውም እንደዛ እንዲቀመጥ ነው የተሰራው።

ለምን ግድግዳው እንዲህ ያስቸግራል ካላችሁ፣ ተራ ስፒከር ቤዙን ወደ ፊት ብቻ አይደለም የሚለቀው፣ ዙሪያውን ነው። ከኋላው ግድግዳ 1 ሜትር ላይ ከቆመ ወደ ኋላ ሄዶ የተመለሰው ድምፅ 86 ሄርዝ አካባቢ ላይ ከፊተኛው ጋር ተቃርኖ ይጣፋል፣ እዛች ጋ ጉድጓድ ትፈጠራለች፣ 60 ሴንቲ ካደረጋችሁት ጉድጓዷ ወደ 143 ትወጣለች። ስለዚህ ሁለት ስፒከር ጎን ለጎን አቁሞ ማወዳደር እንኳን አንደኛው ከሌላው በ40 ሴንቲ ከተለየ ፍርዱ ተበላሸ ማለት ነው። ሳጥኑ ዝግ ነው ወይስ ቀዳዳ አለው የሚለውም አለ፣ ዝጉ ከአቅሙ በታች ሲወርድ በኦክታቭ (ሄርዙ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር) 12 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) እየቀነሰ ነው የሚሄደው፣ ባለ ቀዳዳው በ24 ይወድቃል። ትንሽና ጠንካራ ግድግዳ ያለው ክፍል ታች ያለውን ራሱ ስለሚያሳብጥ ዝጉ ቀስ ብሎ ሲወርድ ክፍሉ ይሞላለታል፣ ባለ ቀዳዳው ግን ቀዳዳው የሚሰራበት ቦታና የክፍሉ እብጠት ከተገጣጠሙ ጉድ ይፈላል።

በትክክል ማወዳደር የፈለጉ ሰዎች ምን እንዳደረጉ እዩ። ፍሎይድ ቱል ካናዳ ኦታዋ በብሔራዊ የምርምር ካውንስሉ፣ ኋላም ከሻን ኦሊቭ ጋር ሀርማን የሚባለው የስፒከር ኩባንያ ውስጥ ሆነው ስፒከሮቹን ከመጋረጃ ጀርባ አድርገው ነው ያስሰሙት፣ ሀርማን ጋ እንደውም ስፒከሮቹን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እያፈራረቀ አንድ ቦታ ላይ የሚያቆም ማሽን ነበራቸው፣ ለምን? ቦታው ከተቀየረ ቤዙ ስለሚቀየር። በ1994 ያወጡት ጥናት ላይ ሰዎቹ ስፒከሩን እያዩ የሰጡት ነጥብና ሳያዩ የሰጡት ነጥብ ተለያይቷል፣ መልኩና ስሙ ጆሮ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ድምፁ ከፍ ያለውም እንደዛው፣ አንዱ በ1 ዴሲቤል ብቻ ከበለጠ "ይሄኛው ቤዙ ሞላ ያለ ነው" ትላላችሁ፣ ምክንያቱም ጆሮአችን ድምፅ ሲቀንስ ቤዝን ነው ቶሎ የሚረሳው፣ ይሄ ደሞ ፍሌቸርና ማንሰን ከለኩት ከ1933 ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። እዚህ አጠገባችን ሮክቪል በየዓመቱ ካፒታል ኦዲዮፌስት ይደረጋል፣ ሂዱ፣ ደስ ይላል፣ እኔም እሄዳለሁ፣ ግን የሆቴል ክፍል ነው፣ አልጋው ወጥቶ ስፒከር የገባበት፣ እዛ የምትሰሙትን ሚድሬንጅ እመኑት፣ ቤዙን ግን ስትወጡ እዛው ተዉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፣ ምክንያቱም ጋዜጣችሁን የሚያነብ ሰው ግማሹ እዚህ ነው ግማሹ አዲስ አበባ ቤት እየሰራ ነው፣ እና ሁለቱ ቤቶች ለቤዝ ጭራሽ የማይገናኙ ናቸው። እዚህ ያለው ቤት እንጨትና ድራይዎል (ጂፕሰም ቦርድ) ነው። ድራይዎሉ ቤዝ ሲመታው ይርገበገባል፣ ሲርገበገብ የድምፁን ጉልበት ይበላል፣ ከፊሉ ደሞ በሱ አልፎ ወደ ጎረቤት ይሄዳል (ለዛ ነው አፓርትመንት ውስጥ የማኔጅመንቱ ማስጠንቀቂያ በር ስር የሚገባው)። አዲስ አበባ ያለው ቤት ብሎኬት ነው፣ ተለስኗል፣ መሬቱ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ኮንክሪት፣ ቤዙ አንዴ ከገባ የሚወጣበት የለውም፣ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። አንድ አይነት ስፒከር እዚህ ቀጭን እዛ ወፍራም የሚሆነው ለዚህ ነው፣ ኤሌክትሪኩ ምናምን የሚሉት ወሬ ነው።

የአክስቴ ልጅ ከዚህ ትልልቅ የቆመ ስፒከር ገዝቶ በኮንቴይነር ላከ፣ ከመላኩ በፊት እኔ ቤዝመንት ውስጥ ተቀምጠው ስለነበር ድምፃቸውን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ልከኛ ነበሩ፣ ቤዛቸው እንደውም ትንሽ ቢጨመር ያሰኝ ነበር። አዲስ አበባ ስሄድ አያት ሰፈር ያለው ቤቱ ገባሁ፣ ሳሎኑ 7 ሜትር ርዝመት አለው፣ ስፒከሮቹ ከቡፌው ግራና ቀኝ ቆመዋል፣ አክስቴ ቡና አቅርባለች፣ ሙዚቃው ሲከፈት ቤዙ ጂ ላይ ባረፈ ቁጥር ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች ይንጫጫሉ፣ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎችም ይቀበሏቸዋል። ሰውየው "እንዴት ነው ቤዙ፣ ሞላ አላለም?" አለኝ ደስ ብሎት። ሞልቷል፣ ሞልቶ ፈሷል። ዘፋኟ ምን እንደምትል አይሰማም። ሂሳቡን ስሩት፣ 7 ሜትር ማለት 24 ሄርዝ ተኩል ነው፣ እጥፉ 49፣ የቤዝ ጊታር ጂ ደሞ ልክ 49 ናት። በማይክ ስንለካው 49 ላይ ተራራ ቆሟል፣ ጎንና ጎኑ ያለው ሜዳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የኛ ነገር አለ። የኛ ሳሎን ሶፋው ዙሪያውን ግድግዳ አስደግፎ ነው የሚደረደረው፣ እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ፊት ለፊት እንዲተያይ፣ መሀሉ ለቡናው ለገበታው ባዶ እንዲሆን። ለጨዋታ የሚሆን አቀማመጥ ነው፣ አልቃወምም፣ ግን ግድግዳ ጋ ሁሉም የቤዝ እብጠት ከፍተኛ ነው፣ ሁሉንም እንግዳ በየእብጠቱ ላይ አስቀምጠናል ማለት ነው፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰውዬማ ምን እንደሚሰማ እሱ ይወቀው። የ49ኙ ሄርዝ መጥፊያ ከኋላ ግድግዳ 1 ሜትር ከ75 ላይ ነው። ሶፋውን ወደዛ እናምጣው ብል አክስቴ "እና እንግዳ መሀል ቤት ሊቀመጥ ነው? ለሙዚቃ ተብሎ ቤት ይፈርሳል?" አለች፣ እውነቷን ነው። በመጨረሻ የተስማማነው አንድ ቀለል ያለ ባለ መደገፊያ ወንበር 1 ሜትር ተኩል ላይ ማስቀመጥ ነው፣ መስማት የፈለገ ወንበሩን ጎትቶ ይሰማል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። እዛ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ቤቱ ያ ቤት አይመስላችሁም። ከዛ የስፒከሮቹን ቀዳዳ በስፖንጅ ደፈንናቸው (አንዳንድ ፋብሪካ መድፈኛውን ከካርቶኑ ጋር ይልከዋል፣ ከጠፋ የተጠቀለለ ካልሲ ይሰራል፣ አትሳቁ)፣ ለተቀረው ደሞ ኢኩዋላይዘር (የየሄርዙን ድምፅ ለየብቻ መጨመሪያና መቀነሻ) ላይ 49ን ብቻ ጠባብ አድርጎ መቀነስ ነበር። ሲኒዎቹ ዝም አሉ። ስፒከር አልተቀየረም፣ አምፕ አልተቀየረም፣ የተቀየረው ወንበርና ካልሲ ነው።

ስለ ኢኩዋላይዘር ሰው የሚሳሳተው ጉድጓዱን ሊሞላ ሲሞክር ነው። እብጠት ይቀነሳል፣ ሲቀነስ እንደውም ድምፁ ክፍሉ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜም አብሮ ያጥራል። ጉድጓድ ግን ድምፁ ከራሱ ጋር ተጣፍቶ የተፈጠረ ስለሆነ ብትጨምሩም የጨመራችሁት ራሱ ይጣፋል፣ 10 ዴሲቤል መጨመር ማለት ደሞ ከአምፑ 10 እጥፍ ዋት መጠየቅ ነው፣ አምፑ ይጮሃል ስፒከሩ ይሰቃያል እናንተ ምንም አትሰሙም። ጉድጓድ ላይ መድሃኒቱ መቀመጫን ወይ ስፒከርን ማንቀሳቀስ ነው፣ ሌላ የለውም። ለመለካት ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባል ሶፍትዌር በነጻ አለ፣ ከላፕቶፕ ጋር በዩኤስቢ የሚሰካ መለኪያ ማይክ ደሞ ከአንድ ጥሩ የስፒከር ገመድ ዋጋ ያንሳል። ስለ ገመድ አታስጀምሩኝ።

ሌላው የእንቁላል ካርቶን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ትንንሽ ስቱዲዮ ብትገቡ ግድግዳው በሙሉ የእንቁላል መያዣ ነው፣ ወይ 5 ሴንቲ ስፖንጅ። ልጆቹ በሌላቸው አቅም የሰሩት ነው አልፈርድባቸውም፣ ግን ለቤዝ ምንም አይሰራም። ድምፅን የሚበላ ለስላሳ ነገር በደንብ እንዲበላ ውፍረቱ ለሞገዱ ሩብ የተጠጋ መሆን አለበት፣ ለ50 ሄርዝ ሩቡ 1 ሜትር ከ70 ነው፣ 5 ሴንቲ ስፖንጅ በዚህ ሂሳብ በደንብ የሚሰራው ከሺህ ሄርዝ በላይ ነው። ውጤቱ ምንድነው፣ ላይኛው ድምፅ ይሞታል፣ ታችኛው እንዳለ ይቀራል፣ ክፍሉ ጨለማ ሆኖ ያጓራል። ቤዝ ለመብላት ጥግ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ ግማሽ ሜትር የሚወፍር ሮክዉል (የድንጋይ ጥጥ) ወይ ፋይበር ግላስ የታጨቀበት ነገር ያስፈልጋል፣ ሚስትን አስፈቅዶ ማለት ነው፣ ወይ ደሞ ለአንድ ሄርዝ ተለክቶ የሚሰራ የሳንቃ ወጥመድ። መጋረጃና ምንጣፍ ለላይኛው ድምፅ ጥሩ ናቸው፣ ሴራሚክ ቤት ውስጥ ግዴታም ናቸው፣ ከቤዝ ጋር ግን አይተዋወቁም። እንደውም ቤት ለሚሰራ ሰው ምክሬ፣ አንዱን ግድግዳ ብሎኬቱ ላይ እንጨት መትቶ ጂፕሰም ቦርድ ማልበስ ነው፣ ጂፕሰሙ ከኋላው አየር ኖሮት ሲርገበገብ እዚህ ያለው ድራይዎል የሚሰራውን ስራ ይሰራል፣ አናጢው ለውበት ነው ብሎ ያስባል፣ ያስብ።

ሳብዉፈር (ቤዝ ብቻ የሚያወጣው ስፒከር፣ ሳብ የምንለው) ላይ ደሞ አንድ ግዙፍ ገዝቶ ጥግ መወሸቅ የተለመደ ነው። ጥግ ላይ ሁለት ግድግዳና ወለሉ ስለሚያግዙት ይጮሃል፣ ግን የክፍሉን እብጠት ሁሉ በአንዴ የሚቀሰቅሰውም ጥግ ነው። ቶድ ዌልቲ ሀርማን ውስጥ ሆኖ በ2002 ያቀረበው ስራ ላይ ብዙ ሳብዉፈር በብዙ ቦታ አድርጎ አስልቶ ለክቶ ነበር፣ አራት ሳብ በአራቱ ግድግዳ መሀል መሀል፣ ወይ ሁለት ሳብ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ግድግዳዎች መሀል ከተደረጉ ቤዙ ከወንበር ወንበር ብዙም አይለያይም፣ ከአራት በላይ መጨመር ደሞ ያን ያህል ለውጥ የለውም። ሚስጥሩ ቀላል ነው፣ አንዱ ከዚህ ሌላው ከዛ ግድግዳ ሆነው እኩል ሲገፉ የርዝመቱን የመጀመሪያ እብጠት አንዱ ሲጭር ሌላው ያጠፋዋል፣ መሀል ላይ ስለሆኑ ደሞ የወርዱን የመጀመሪያ እብጠት አይነኩትም። ስለዚህ በአንድ ትልቅ ሳብ ዋጋ ሁለት መካከለኛ ግዙ እላለሁ፣ ክሮስኦቨሩን (ድምፁን ለሳቡና ለስፒከሩ የሚከፍለውን) 80 ሄርዝ አካባቢ አድርጉት፣ ከዛ በታች ጆሮ ድምፁ ከየት እንደመጣ አይለይም ስለዚህ አንዱ ከሶፋ ጀርባ ቢሆንም ማንም አያውቅም።

አንድ ብቻ ካላችሁ ግን ይሄን አድርጉ። ሳቡን የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ አውጡት፣ አዎ ሶፋው ላይ፣ ቤዝ ጊታሩ ወደ ላይ ወደ ታች የሚመላለስ ዘፈን ክፈቱና ግድግዳውን ይዛችሁ በእንብርክክ ዙሩ፣ ጆሮአችሁን ወለሉ አካባቢ አድርጋችሁ። አንድ ቦታ ላይ ሁሉም ኖታ እኩል ይሰማችኋል፣ ሳቡን አምጥታችሁ እዛ አስቀምጡት፣ ድምፅ ከዛ ወደዚህ ያለው ከዚህ ወደዛ ካለው ጋር አንድ ስለሆነ ይሰራል። ልጆች ካሉ ይስቁባችኋል፣ እንግዳ ካለ በር ዝጉ።

ለዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው የስፒከር ጽሑፍ ሲወጣ የክፍሉ ርዝመት ወርድና ከፍታ፣ ግድግዳው ምን እንደሆነ፣ ስፒከሩ ከግድግዳ ስንት ሴንቲ እንደራቀ፣ ሰሚው የት እንደተቀመጠ ይጻፍ፣ ሁለት መስመር አይሞላም። ስለ ቤዝ ደረጃ ማውጣት ካለበት ሶስቱም እዛው አንድ ቦታ ላይ ቆመው ድምፃቸው እኩል ተደርጎ ይሁን፣ ካልሆነ ደረጃውን ሚድሬንጁና ትዊተሩ ላይ ብቻ ያውጣ፣ እሱን ከልቤ አነባለሁ።

ለደወለልኝ ወንድሜም እዚሁ ልመልስለት፣ ስሙን ባልጽፍም ራሱን ያውቃል። ኮንዶሚኒየምህ ሳሎኑ 3 ሜትር ተኩል በ4 ከሆነ 801 ምናምን የሚባለውን ተወው፣ ዝግ ሳጥን ያለው የመደርደሪያ ስፒከር ጥሩ እግር ላይ አቁመህ ከግድግዳ 30 ሴንቲ አድርገው፣ ያቺ የመጣፋት ጉድጓድ ወደ 286 ሄርዝ ትወጣልሃለች፣ እዛ ላይ ከስፒከሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ 10 ሴንቲ ሮክዉል ያሳንሳታል። ሁለት ትንንሽ ሳብ ፊት ለፊትና ከኋላ ጨምርበት፣ በተረፈው ገንዘብ ማይኩን ግዛ። ላይኛው ፎቅ ያሉትን ሰዎች ግን በር አንኳኩተህ ሰዓቱን ተስማማ፣ እስካሁን ያልኩህ ሁሉ ቤዙ ቤትህ ውስጥ እንዲያምር ነው እንጂ ከቤትህ እንዳይወጣ የሚያደርግ ምንም የለበትም፣ ለእሱ ሌላ ግድግዳ ነው የሚያስፈልግህ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደሞ አይፈቀድልህም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ